በየገጹ ግርጌ ያለው ስም

በነጻ የሚሰጥ ነገር ያስፈራኛል። አባቴ ከጉራጌ አገር ወደ ሶዶ መጥቶ ከአቡጀዲ እስከ ቆርቆሮ የነገደ ሰው ነበር፤ ዋጋውን አፍ አውጥቶ የማይነግራችሁን ሰው ሽሹት እያለ ነው ያሳደገን። ስለዚህ ባለቤቴ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከአዋሳ ስልጠና ተመልሶ፣ የመንገዱን አቧራ እንኳ ሳያራግፍ፣ ባንኮኒዬ ላይ አንዲት ፍላሽ አስቀምጦ «ሙሉ መጽሐፍ አለባት፣ ያውም በነጻ» ሲለኝ ደስ አላለኝም።

«ማነው የሰጠህ?» አልኩት።

«ጸሐፊዎቹ።»

«ታውቃቸዋለህ?»

«የት አውቃቸዋለሁ? ውጭ አገር ያሉ አስተማሪዎች ናቸው። ለፈለገ ሁሉ ነው የሰጡት።»

«ለፈለገ ሁሉ የሚሰጥ ሰው ጤነኛ ነው?»

ሳቀብኝ። እሱ ሲስቅ እኔ እናደዳለሁ፤ ትዳራችን እንዲህ ነው። እኔ ደንግጬ በስማም ስል እሱ ጌታ ይባረክ ብሎ ያልፋል።

ይህ የሆነው ሚሊኒየሙ አልፎ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ነው። ከኮሌጁ ወረድ ብሎ፣ ወደ መናኸሪያ በሚወስደው መንገድ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት ነበረችኝ። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ አሮጌ የኮፒ ማሽን። ማሽኑን ያገለገለ ነው የገዛሁት፤ ከነአመሉ መጣ። በሚያወጣው ገጽ ሁሉ ግራ ጠርዝ ላይ ከላይ እስከ ታች ቀጭን ጥቁር መስመር ያሰምራል። ጠጋኝ መጣ፣ ድራሙን ጠረገ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ፤ መስመሩ ግን ቁጭ አለ። ተማሪዎቹ «የእትዬ መስመር» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። አንዳንዴ ደግሞ ማሽኑ ፊደል ይበላል፣ የገጹን ጫፍ ነጭ አድርጎ ይተፋል። በዚያ ላይ ወረቀቱን ገልብጬ በሁለቱም በኩል ላትም ስል ይጨናነቅብኛል፤ ስለዚህ እኔ ቤት የሚወጣ ወረቀት ሁሉ ጀርባው ባዶ ነው። የማሽኑን አመል እንዲህ የማወራው ኋላ ሁሉም ስለመጣብኝ ነው።

ባለቤቴ ኮሌጁ ውስጥ ስታቲስቲክስ ያስተምር ነበር። ለኮርሱ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የነበሩት መጻሕፍት ጥቂት ናቸው፤ እነሱም ወደ ቤት አይወጡም፣ ገጻቸውም ተገንጥሎ አልቋል። እሱ ሰሌዳ ላይ እየጻፈ፣ እነሱ እየገለበጡ፣ ግማሹ ሳይማሩት ሴሚስተሩ ያልቃል። ለፈተና ሲደርሱ የሚያለቅሱት እኔ ሱቅ መጥተው ነበር፤ «እትዬ፣ ሌላ ሃንድአውት የለም?» ይሉኛል። ለዚህ ነው ያቺን ፍላሽ ሲያገኝ እንደ ልጅ የሆነው።

የመጽሐፉ መጀመሪያ ገጽ ላይ ፈቃዱ ተጽፏል። እንግሊዝኛዬ ዘገምተኛ ቢሆንም ቁጭ ብዬ ደጋግሜ አነበብኩት። ቅዱት፣ አትሙት፣ ለፈለጋችሁት ስጡት፣ ለአገራችሁ እንዲስማማ አድርጋችሁ ለውጡት ይላል። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማን እንደጻፈው ተናገሩ፣ ከለወጣችሁም እኛ ለውጠነዋል በሉ። የተደበቀ ነገር ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ። ማጣቴ ደግሞ ይበልጥ አስፈራኝ።

ያን ክረምት መጽሐፉን ስንለውጥ ከረምን፤ የሚጽፈው እሱ፣ የምተይበው እኔ። ዋናው መጽሐፍ ምሳሌው ሁሉ በረዶና ጎልፍ ነው። እሱ ይህን እያወጣ ወደ ቤሌ የሚሄድ አውቶቡስ ተሳፋሪ፣ ገሱባ ገበያ የወጣ ጎደሬ፣ ዲምቱ የታደለ አጎበር አስገባበት። ከእንግሊዝኛው ሥርም ጠበቅ ላለው ነገር በአማርኛ ማብራሪያ ጨመረ። አልዋሽም፣ ደስ ይል ነበር። የጎደሬው ጋ ስደርስ ብቻዬን እስቅ ነበር።

አንድ መልመጃ ጋ ስደርስ ግን ጣቶቼ ቆሙ። መልመጃው በዋናው መጽሐፍ ውስጥ ስለ አንድ ምግብ ቤት ደንበኞች ነበር፤ ስንቱ ረካ፣ ስንቱ አልረካም የሚል። ባለቤቴ ምግብ ቤቱን አውጥቶ የሰፈር ቦኖ ውሃ አድርጎታል። ከተጠየቁት ነዋሪዎች ይህን ያህሉ በውሃው አገልግሎት አልረኩም፤ መቶኛውን አስሉ ይላል።

«ውሃውን ተው» አልኩት።

«ለምን?»

«ምግብ ቤቱ ምን አደረገህ?»

«ተማሪዎቼ ምግብ ቤት ገብተው አያውቁም። ውሃ ግን ያልተሰለፈ የለም» አለኝ።

ጊዜውን የማያውቅ ሰው ይስቅብኝ ይሆናል። ከምርጫ በኋላ ያለ ጊዜ ነው። የመንግሥት ሠራተኛው በአንድ ለአምስት ተደራጅቶ ማን ምን እንዳለ እርስ በርሱ ይገማገማል። ሰው ሰላምታውን አሳጥሯል፤ ወሬ የጀመረ ሰው መሃል ላይ ዞር ብሎ አይቶ ስለ ዝናብ ያወራል። እኔን ደግሞ አንድ የቀበሌ ሰው ሱቄ ድረስ መጥቶ «የምታባዢውን እወቂ» ብሎኝ ሄዷል። ይህችን ቃል ብቻ ነው ያለኝ፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚመጣልኝን ወረቀት ሁሉ፣ የሠርግ ጥሪም ቢሆን፣ ሳላነብ መስታወቱ ላይ አላደርግም ነበር።

ስለ ውሃው ተሸነፍኩ። በስሙ ግን አጥብቄ ተጣላሁት። በየገጹ ግርጌ መጀመሪያ የጸሐፊዎቹን ስም፣ ከሥሩ ደግሞ «ለዚህ አካባቢ ተማሪዎች ያሻሻለው» ብሎ የራሱን ስም አስጻፈኝ። በየገጹ!

«ፊት ለፊቱ ገጽ ላይ አንዴ ይበቃል» አልኩ።

«ተማሪ አንድ ምዕራፍ ነው ኮፒ የሚያደርገው፣ አንዳንዴም አንድ ገጽ። ገጹ ብቻውን ሲሄድ ስሙም አብሮት ይሂድ።»

«እነሱስ እሺ ሩቅ ናቸው። አንተ እዚህ ነህ እኮ! ስምህን በየሜዳው ልትበትን ነው?»

«እኔ የቀየርኩትን እነሱ ጻፉት ልበል? ሰዎቹ መጽሐፉን ያህል ነገር ሰጥተው የጠየቁት ይቺን ብቻ ናት። ይቺንም እንንፈጋቸው?»

እንዲህ ያለ አጉል ጨዋነት ያለበትን ወንድ ነው ያገባሁት። እየተነጫነጭኩ ጻፍኩት።

መጽሐፉ ሲወጣ ተማሪው ጎረፈ። ሰነፍ የምለው ልጅ ሁሉ ምዕራፍ በምዕራፍ እያለ ይወስዳል። ክረምት ክረምት የሚማሩት አስተማሪዎች ወደ ገሱባም ወደ ቤሌም ይዘውት ሄዱ፤ እዚያ ደግሞ ሌላው ከእነሱ ላይ ቀዳ። መስመሬም አብሮ ተቀዳ። ባለቤቴ ማታ ማታ ከክፍል ሲመለስ «ዛሬ እኮ እየጠየቁኝ ነው ያመሹት፣ አንብበው ነው የሚመጡት» እያለ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር። እኔም በውስጤ ኮራሁ። ኩራቴ ግን ፍርሃቴን አላስለቀቀውም፤ ሁለቱ አብረው ተቀመጡ።

አንድ ጠዋት የቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎ ተገኘ። ውሃችን የት ገባ፣ ተሰልፈን ደከመን፣ የሚመልስልን አጣን የሚል ነው። ይህን የነገረችኝ ለልጇ የልደት ካርድ ኮፒ ልታደርግ የመጣች ጎረቤቴ ናት፤ በሹክሹክታ ነገረችኝና «እኔ አላየሁም፣ ሰው ነው የነገረኝ» ብላ ሄደች። እኔ አልደነገጥኩም። በእጅ የተጻፈ ነው ስላለችኝ ደህና፣ ማሽን የለበትም ብዬ ተንፈስ አልኩ።

ትንሽ ቆይቶ ሁለት ሲቪል የለበሱ ሰዎች ገቡ። አንደኛው ከደስጣው ላይ አንድ ባዶ ወረቀት አንስቶ ሰጠኝ።

«ይህን ኮፒ አድርጊልን።»

«ባዶውን?»

«ባዶውን።»

ቀልድ መስሎኝ «መጀመሪያ እስክሪብቶ ልስጣችሁ እንዴ?» አልኩ። የሳቀ የለም። ወረቀቱን መስታወቱ ላይ አስተኝቼ ክዳኑን ዘጋሁና ተጫንኩት። ማሽኑ አጉረምርሞ ባዶውን ወረቀት አወጣ፤ ግራ ጠርዙ ላይ መስመሩ ብቻ አለበት። ሰውየው ወደ በሩ ብርሃን ወስዶ፣ ከኪሱ ሌላ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ጎን ለጎን አስተያያቸው። ከዚያ ሁለቱንም አጠፋቸው።

«ስንት ነው?» አለኝ።

«ምንም አይደል፣ ተዉት።»

«ስንት ነው?»

ነገርኩት፤ ከፍሎኝ ወጣ። መክፈሉ ነው ያስፈራኝ። እንዲህ ያለ ሰው ሂሳቡን ከፍሎ ሲሄድ ጉዳዩን ሊጨርስ ነው ማለት ነው ብዬ ወንበሩ ላይ ዘፍ አልኩ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ተማሪ እየሮጠ መጥቶ መምህርን ከክፍል ጠርተው ወሰዷቸው አለኝ። ለትንሽ ጉዳይ ትፈለጋለህ ነው ያሉት። ጠመኔውን እንኳ አላስቀመጠም ነበር።

ያን ሌሊት እንዴት እንዳደርኩ አላወራም። ጠዋት ልጄን ለባለቤቴ እናት ሰጠኋት። ከገሱባ ሰምተው በሌሊት ነው የደረሱት፤ «ታ ጎዳው፣ ታ ጎዳው» እያሉ በቋንቋቸው ጌታቸውን እየጠሩ ልጅቱን እቅፋቸው ውስጥ ወሸቋት። እኔም ብቀር ልጄ ማን ጋ እንደምታድግ ያየሁ መሰለኝ። ሰውየው ከኪሱ ያወጣው ወረቀት ከመጽሐፋችን ሳይሆን አይቀርም፤ ስሙ የእሱ፣ መስመሩ የእኔ። ወረቀቱ ላይ ሁለታችንም አለን። ሁለታችንንም ከያዙ ቤቱ ተዘጋ።

የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ ቋጥሬ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ደረስኩ። ዘበኛው ለውዝ እየቆረጠመ ምግቡን መጀመሪያ አንቺ ቅመሺው አለኝ፣ ቀመስኩት፤ ምሳ ዕቃውን ተቀብሎ «ጠብቂ፣ አንቺም ትጠሪያለሽ» አለኝ። አንቺም ትጠሪያለሽ! ከግንቡ ሥር ተቀመጥኩ። ከጎኔ አንዲት ሴት ለውዝ በወረቀት ጠቅልላ ትሸጣለች። እጄን የማደርግበት አጥቼ አንዷን ጥቅል ገዛሁ። ቆርጥሜ ቆርጥሜ ወረቀቷን ስፈታ በግራ በኩል መስመሬ አለ። በግርጌው የባለቤቴ ስም።

ቀና ብዬ ሳይ የሴትዮዋ ሰፌድ ላይ የተደረደረው ጥቅል ሁሉ ያው መጽሐፍ ነው። አንዱ ላይ የአውቶቡሱ ሥዕል ይታያል፣ አንዱ ላይ ጎደሬው። ስሙ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ተዘርግቶ ይሸጣል! ያኔ አእምሮዬ ምን እንዳለኝ አላውቅም፤ እነዚህ ሰዎች ይህን ካዩማ አለቀልን ነው ያለኝ።

«ስጪኝ» አልኳት።

«ስንቱን?»

«ሁሉንም።»

«ወይ ጉድ፣ ሠርግ አለሽ?» አለችኝ ሴትዮዋ፤ ደስታዋ ሌላ ነው። ጥቅሉን ሁሉ ነጠላዬ ውስጥ ሰብስቤ፣ እንደ እርጉዝ ሆዴን አቅፌ ተቀመጥኩ። ጨርሼ ሳልደብቀው ስሜ ተጠራ።

መርማሪው በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ቢጮህብኝ እጮህበት ነበር፤ «ቁጭ በይ እህቴ» ሲለኝ ግን ቁጭ አልኩ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት አስቀምጦ በአንድ ጣቱ ወደ እኔ ገፋው። በእጅ የተጻፈው አቤቱታ ነው። ከዚያ ገለበጠው። በጀርባው ያ መልመጃ አለ። ስለ ቦኖው። ከሺህ ገጽ መካከል ያችኑ! አገኘሁ ብሎ ያነሳው ሰው መቼም እግዜር ይይለት አልኩ በሆዴ።

«መስመሩ የማሽንሽ ነው?»

«ነው።»

«ስሙ የባልሽ ነው?»

«ነው።»

«በዚህ በኩል ውሃ የለም ይላል። በዚያኛው በኩል ሕዝቡ በውሃው አልረካም ይላል። ሁለት ሰው ነው የጻፈው ልትዪኝ ነው?»

«ያኛው የሂሳብ መልመጃ ነው ጌታዬ። የታሰበ እንጂ የተቆጠረ ሰው የለም።»

«እነዚህ ከላይ የተጻፉት የውጭ ሰዎች እነማን ናቸው? ማን አገናኛችሁ?»

«ማንም። መጽሐፉን ለፈለገ ሁሉ ፈቅደው ነው።»

«ፈቃዱ ለማን ነው የተጻፈው?»

«ለማንም።»

«ለማንም የተጻፈ ፈቃድ አይቼ አላውቅም። ማህተም አለው?»

«የለውም።»

«እና በነጻ ነው የሰጡት? ምን ፈልገው?»

የሚጠይቀኝ የራሴን ጥያቄ ነበር። ያን ቀን ባንኮኒዬ ጋ ቆሜ ባለቤቴን የጠየቅኩትን። ወንበሩ ላይ ስመቻች ነጠላዬ ተንኮሻኮሸ።

«ምንድን ነው የያዝሽው?»

«ለውዝ።»

«ለማን?»

«ለልጄ።»

«ተነሺ እስቲ።»

ስነሳ ጥቅሎቹ አንድ በአንድ እየተንከባለሉ ወለሉ ላይ ወረዱ። አንዱን አንስቶ ፈታው። ሌላ ፈታ። ሌላ። በእያንዳንዱ ላይ መስመሬ፣ በእያንዳንዱ ላይ የባለቤቴ ስም። ቀና ብሎ አየኝ፤ ማስረጃ ልትሰውሪ ነበር የሚል ዓይን ነው። ፍርሃት ሞልቶ ሲፈስ ምን እንደሚሆን ያን ቀን አወቅኩ፤ ቁጣ ሆኖብኝ አረፈ።

«አዎ ገዛሁት!» አልኩ፤ ድምፄ ግቢውን ሞላው። «ስሙ እንዳይታይ ብዬ ነው የገዛሁት! ምን ላድርግ ታዲያ? ከደጃችሁ ነው የሚሸጠው! ዘበኛችሁ ጠዋት ሲቆረጥም የነበረውም ከዚሁ ነው። ስሙ የተገኘበትን ሁሉ የምታስሩ ከሆነ እሱንም እሰሩታ!»

እኔም ካልኩት በኋላ ነው የደነገጥኩት። መርማሪው ዘበኛውን ጠራና ኪስህን ፈትሽ አለው። ዘበኛው እየተርበተበተ አንድ የተጨማደደ ጥቅል አወጣ፤ ግማሹ ተበልቷል። መርማሪው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስተካክሎ ዘረጋው። መስመሬ አለ። ስሙ አለ። ከዚያ ለውዝ ሻጯ ተጠራች። ምስኪን፣ መጀመሪያ እኔ ምንም አላውቅም ብላ ማለች፤ ኋላ ፈተና ሲያልቅ ተማሪዎች ከሚጥሉት እንደምትሰበስብ፣ እሷ ብቻም እንዳልሆነች፣ ገበያ ያለው ቅመም ሻጭ ሁሉ በዚሁ ወረቀት እንደሚጠቀልል ተናገረች።

መርማሪው ወረቀቶቹን አገላበጠ። ከወለሉ አንድ ለውዝ አንስቶ እፍ አለና አፉ ውስጥ ጣለው። የቦኖውን መልመጃ እንደገና አነበበ።

«መልሱ ስንት ነው?» አለኝ።

«መጨረሻው ገጽ ላይ አለ» አልኩት፤ ሌላ ምን ልበል?

ባለቤቴ የተፈታው ከዚያ በኋላ ባለው ቀን ነው። ያንን አቤቱታ ደጋግመው በእጁ አስጽፈውት ነበር፤ ጽሕፈቱ አልገጠመም። የጻፈውን ሰው እስከ ዛሬ ያገኙት አይመስለኝም። መርማሪው ሲሸኘን እንደ መካሪ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «ስምህን ባትጽፍበት ኖሮ እዚህ ምን አመጣህ?» አለው። ክፉ ሰው አልነበረም። ምክሩ ግን ቤታችን ድረስ አብሮን መጣ።

ቤት እንደገባን ባለቤቴ ልጁን አልሳመም፣ ውሃ አልጠየቀም። ኮምፒውተሩን አየና «ስሜን አውጪው» አለኝ።

ክረምቱን ሙሉ ስለምነው የነበረው ይህንኑ ነው። ቁጭ ብዬ ኮምፒውተሩን ፈልገህ አጥፋ አልኩት፤ አንዴ ተጫንኩ፣ ከሁሉም ገጽ ጠፋ። እፎይ እላለሁ ብዬ ነበር፤ አላልኩም። ግርጌው ላይ «ለዚህ አካባቢ ተማሪዎች ያሻሻለው» የሚለው ብቻ ቀርቶ ከፊቱ ባዶ ሆነ። እሱንም ላጥፋው ስል «ተይው፣ የተለወጠ መሆኑን ይወቁ» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «አሁን እኮ ስለ ቦኗችን የሚያማርሩት ፈረንጆቹ መሰሉ» ብሎ ሊስቅ ሞከረ። አልሆነለትም። ክፍል ገብቶ ሲያስተምርም ድምፁ ዝቅ ማለቱን ተማሪዎቹ ነገሩኝ። ጥያቄ ሲጠይቁት በመጀመሪያ በሩን ያያል አሉ።

የወጣ ወረቀት ግን አይመለስም። አሮጌውን ቅጂ የያዘ ተማሪ ይመጣል፣ እትዬ ይህን ምዕራፍ ይላል፤ ስሙ በየገጹ አለ። ለማንም የተፈቀደ ነገር እንዴት አድርጌ ልከልክል? ነጭ ወረቀት በቀጭኑ ቆርጬ አዘጋጀሁ። ከመስታወቱ በፊት ግርጌው ላይ አደርጋትና ስሙን ሸፍኜ እጫናለሁ። ተማሪ ዞር እስኪል ጠብቄ ነው የማደርገው። ያቺን ቁራጭ ወረቀት ኪሴ ውስጥ ይዤ ነበር የምውለው።

አንድ ሴሚስተር እንዲህ አለፈ። አንድ ቀን አንዲት ከገሱባ የመጣች ተማሪ አንድ ምዕራፍ ይዛ መጣች። ራሴ ያባዛሁት፣ ስሙን የሸፈንኩበት ቅጂ ነው፤ መስመሬ አለበት። ግርጌውን አየሁ። ባዶው ቦታ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የባለቤቴ ስም ተጽፏል። ገለጥኩ፤ ቀጣዩም ላይ አለ። በየገጹ፣ በእጅ ጽሕፈት። የመጣልኝ አሳብ አንድ ብቻ ነው፤ ሰው ሊያስበላው ነው፣ ወጥመድ ነው። የሱቁን በር ገርበብ አደረግኩት።

«ይህን ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ እትዬ።»

«ማን አዘዘሽ? እውነቱን ንገሪኝ!»

ልጅቱ ደነገጠች። «ማንም። የክፍላችን ልጆች ሁሉ ጽፈዋል። ማሽንዎ በልቶት ነው ብለን ነው እኮ» አለች። «ፊደል ይበላ የለ? መምህር ደግሞ መጀመሪያ ቀን ክፍል ሲገቡ መጽሐፉ ገንዘብ አይጠይቃችሁም፣ የሠራውን ሰው ስም እንዳትጥሉ ብቻ ነው የሚጠይቃችሁ ብለውናል። ያጠፋነው እኛ እንዳንመስል ብለን ሞላነው።»

ተማሪዎቹ ማሽኔን ወቅሰው እኔን አልጠረጠሩኝም። አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ማልቀስ ጀመርኩ። ልጅቱ ግራ ገብቷት «እትዬ፣ ማሽኑ ይጠገናል» ትለኛለች።

ገጾቹን ከእሷ ተውሼ ማታ ለባለቤቴ ሰጠሁት። አንድ በአንድ ገለጣቸው። ተነስቶ ኮምፒውተሩ ጋ ተቀመጠና በየገጹ ግርጌ ስሙን መልሶ ጻፈ። እኔ ከኋላው ቆሜያለሁ፤ ተው አላልኩትም። በማግስቱ ያቺን ቁራጭ ወረቀት ቅርጫት ውስጥ ጣልኳትና ማሽኑን አስነሳሁ።

መጽሐፉ ከዚያ በኋላ ስሙ ሳይሸፈን ወጣ። እኔም ሰው ወደ ሱቄ በገባ ቁጥር መጀመሪያ እጁን እያየሁ፣ ባዶ ወረቀት አንስቶ እንዳይሆን እየፈራሁ፣ ማባዛቴን ቀጠልኩ።